የመጨረሻው መስመር

ካርታው ጠረጴዛዬን ዳር እስከ ዳር ውጦ፣
ባንድ ጫፉ የጨው ዕቃ፣ ባንዱ መፍቻ ተቀምጦ፣
ወንድሜ ኡዋዙቫ፣ ሚስቱ ካኡናፓዋ
ገና ሳይረግጡት አደከማቸው አሸዋ።

እኔ አልሄድም፤ ወገቤ ነው ምክንያቱ፤
ኮረኮንች ስሙ ሲጠራ ይጀምረዋል ውጋቱ።
የሻይ ብርጭቋቸውን እስከ አፉ ሞልቼ፣
የሚሉኝን ልጽፍ ዳር ላይ ተጎልቼ፦

«ጻፊ» ይላል ወንድሜ፣ «ነዳጅ መቶ ስልሳ፤
ከሴስፎንቴይን ወዲያ ማደያ አይወሳ።»
«ሂሳብህ የአስፋልት ነው፣ የጨዋ መንገደኛ፤
አሸዋ ላይ መኪና ይጠጣል እንደ ሰርገኛ፤
መቶ ሰማንያ!» አለች። ስልሳውን ሰርዤ ጻፍሁ፤
የማን ፊርማ እንደሚጸድቅ እዚያ ቤት አውቃለሁ።

ውኃ በነፍስ ወከፍ በቀን ሰባት ሊትር፤
ለስድስት ቀን ሰማንያ አራት፣ አሥር ለራዲያተር።
ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና አካፋ፣
ሳንቃ ከክሪኩ ሥር፣ ጎማ የሚነፋ
ትንሽዬ ፓምፕ። አሸዋው ሲጀምር
ጎማው ይተነፍሳል፣ ይለሰልሳል እግር፤
ደረቅ ብሎ የመጣ ይቀበራል እስከ አንገት።

«ድንኳኑስ?»
«ጣራው ላይ ነው፤ ዝሆን ማታ ማታ
ደረቁን ወንዝ ይዞ ይወርዳል በዝግታ፤
እግሩ ድምፅ የለውም።» ይህን ስትናገር
ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ዝሆን ያለ ይመስል ከበር።

በር ከፍተው ገቡ፣ አቶ ኤሊፋስ ጋኔብ፤
መኪና የከፈሉ ለሆዋሩሲብ።
ጡረተኛ ሾፌር፣ የግድግዳ ጎረቤት።
ካርታውን አላነበቡም፤ ጣታቸውን ጣሉ
ገደሉ ከሚጠብበት፤ «እዚህ ጋ ነው» አሉ።
«ሰማዩ የጸዳ፣ የታጠበ ሳህን፤
ቆርቆሮ ከፍቼ እየበላሁ ዓሣውን
ድምፅ መጣ፤ የእንጨት፣ የድንጋይ መፋጨት፤
የዘነበው ትናንት ነው፣ ከላይ፣ ኦፑዎ ፊት።
ወንዙ ያን ወሬ ይዞ፣ ሌሊቱን ተጉዞ፣
ደረሰ እኔ ዘንድ፤ መኪናዬን ይዞ
ሄደ። ሹካዬ ብቻ ከእጄ አልወጣችም።»

ማናችንም አልሳቅንም።

«ዝርዝሩን አንብቢልኝ።» አነበብሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
አካፋው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቅንቀው፣
ሰሙ እስከ ክብሪቱ፣ እስከ ቁስል ፋሻ።
«አንድ ነገር ይጎድላል» አሉኝ መጨረሻ፤
«ማነው እቤት የሚቀረው?
በስንተኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው የሚደነግጠው?»

ስድስት ዓይን ዞረብኝ።

ከፋሻው በታች፣ በመጨረሻው መስመር፣
ስሜን ራሴ ጻፍሁት፣ እንደ አንድ ዕቃ ነገር፦
ማክሰኞ፤ ማታ፤ አንድ ሰዓት። ካልደወሉ
ለፑሮሱ ጠባቂ፤ ቀጥሎ ለሌላው ሁሉ።
ሽማግሌው ሲወጡ መቃኑን ይዘው ቆሙ፤
የሚሉት ነገር ነበር፣ ቀስ ብለው አዘገሙ፦
«ከማክሰኞ በፊት ክልክል ነው መደንገጥ፤
ከማክሰኞ በኋላ ነውር ነው መቀመጥ።»

ሐሙስ ሳይነጋ ሄዱ።
ካርታው ከነበረበት የፈሰሰ ጨው ጠረግሁ።
ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ወገቤን አሸሁት፣
መቶ ሰማንያውን በሆዴ ቀነስሁት፦
አሁን ፑሮስ ናቸው፤ አሁን ጎማ አስተነፈሱ፤
አሁን ያንን ጠባብ... እንደ ገና ከመነሻው፣ ከአስፋልቱ፣ ከነገሡ
የነዳጅ ቁጥሮች ጀምሬ እቆጥራለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። መስኮት ከፍቼ ወደ ሰሜን
ሳይ፣ ሰማዩ የጸዳ፣ የታጠበ ሳህን።
ጥራቱን አላመንሁም።
ስልኬ ቻርጅ ላይ ነው፤ ድምፁም ተጨምሯል፤
ሁለት ቀን መቀመጥ ገና ተፈቅዶልኛል።